አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ በቤት ሲጠገን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የፒክአፔ ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ፣ ተፈትቶ በግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ተገልብጧል። በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ የእጅ ባትሪ ሳበራበት በሦስተኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች መካከል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየችኝ። ለዚያች ስንጥቅ ያወጣሁት ገንዘብ ለሁለት ዓመት ዘይትና ፊልትሮ ይበቃ ነበር። ስንጥቁን ያመጣው የመኪናው እርጅና አይደለም፤ ለመኪናው ተቆርቁሮ የተሠራ ሥራ ነው።

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ሃይሉክስ ይዤ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሞተሩ ሦስት ኤል የሚባለው፣ ቱርቦ የሌለው 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። በአግባቡ ከያዙት ገና ብዙ የሚያገለግል ሞተር ነው። በእኔም በጎረቤቶቼም መኪና ላይ ያየሁት ጉዳት አብዛኛው የመጣው ሙቀቱን ካለመረዳትና ቀድሞ መሠራት ያለበትን ወደ ኋላ ከመተው ነው።

ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል

የእኔ ስህተት ይህ ነበር። ግንቦት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ «በዚህ አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም» ብለው አወለቁት። ከተማ ውስጥ ደህና ሆነ። ጭነት ይዤ ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት ስጀምር ግን መለኪያው ቀይ ገባ። ቴስታታውን ከፈታሁ በኋላ የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ የሆኑ ጎረቤታችንን ጠራኋቸው።

«ይህን ማን አወለቀው?» አሉኝ ባዶውን ቦታ እያዩ።

«ጋራዥ ነው ጋሼ፣ ሙቀት ይቀንሳል ብለውኝ።»

«ተው አቦ! ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን በር ጠባቂ አባርረህ ይቀዘቅዛል ትላለህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ባለ ሁለት ፊት ነው። ሲሞቅ በአንድ በኩል የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ እየተመላለሰ ሞተሩን ይቀቅላል። ቴርሞስታት መሥራቱን ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። ጋሼ ከማድ ቤት ድስት አስመጡ፣ ውሃ ሞልተው ያስቀመጥኩትን ቴርሞስታት በሽቦ አንጠለጠሉበት፣ እሳት ላይ ጣዱት። የእኔው 82 ተብሎ ተጽፎበታል። ውሃው ገና ሳይፈላ ቀስ እያለ መከፈት ጀመረ፣ ከእሳቱ ሲወርድ መልሶ ተዘጋ። ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ በደለል የተዘጋው ራዲያተር ነው።

የቧንቧ ውሃ መሙላት፣ ክዳኑን መናቅ

የድሬዳዋ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሻይ ማፍያችንን ውስጡን ማየት በቂ ነው። ያው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በቴስታታው የውሃ መንገዶች ውስጥ ይጋገራል፤ ሙቀትም አያስወጣም። ማዕድን የሌለበት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃና የራዲያተር ፈሳሽ እኩል ቀላቅሎ መሙላት ይሻላል። ፈሳሹ የሚጠቅመው ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ዝገትን መከላከሉና የመፍያ ሙቀትን ከፍ ማድረጉ ግን ለእኛ ነው የሚያስፈልገው።

ክዳኑን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ላይ ስንደርስ ወደ 2,000 ሜትር እንጠጋለን። እዚያ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይዝም፤ ስለዚህ ሞተሩ ምንም ችግር ሳይኖርበት ዳገት ላይ ውሃው ይንተከተካል። ቴስታታ ከመፍታት በፊት ክዳን መቀየር ነው። ሞተሩ በጋለበት ሰዓት ደግሞ ክዳኑን መክፈት ፊትን ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል። ጥላ ፈልጎ ማቆምና መጠበቅ ነው።

ከጀሪካን የመጣን ናፍጣ እንዳለ መገልበጥ

የዚህ ሞተር ፖምፓ፣ ናፍጣውን በግፊት የሚገፋው፣ የራሱ የቅባት ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ላምባ የተደባለቀበት ናፍጣ ቅባትነቱ ስለሚቀንስ ፖምፓውን ከውስጥ ይፍቀዋል፣ ውሃ ያለበት ደግሞ ያዝገዋል። እኔ ከማላውቀው ሰው ናፍጣ ስገዛ መጀመሪያ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ሳነሣው ውሃ ካለ ከሥሩ ተለይቶ ይታያል። ለላምባ ግን ይህ አይሠራም፤ ከናፍጣው ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። ለዚያ መድኃኒቱ ሻጩን ማወቅ ብቻ ነው።

ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ቡሎን በየወሩ ማላላት ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ባትሪው እስኪሞት ቁልፍ የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ እስክትጠነክር ድረስ መጫን ነው፤ አየሩ ካልወጣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን የኢኔቶሪዎቹን ቱቦ ዳዶ በትንሹ ማላላት። በዚህ ጊዜ ጣትን ወደዚያ ማስጠጋት ክልክል ነው! ከኢኔቶሪ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢመስልም ሰዓት ሳይፈጅ ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ጉዳት ነው።

ጉልበት ፍለጋ ፖምፓውን መነካካት

ዳገት ላይ መኪናው ሲደክም ቶሎ የሚታሰበው ፖምፓው ላይ ያለችውን ቡሎን አጥብቆ ናፍጣ መጨመር ነው። መኪናው ለጊዜው ይበረታል፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይለቅቃል። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። የሚወጣው ሙቀት ይጨምራል፣ በረጅም ዳገት ላይ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ቱርቦ ገዝቶ መግጠም የሚያምራቸውም አሉ። ይህ ሞተር አየሩን የሚጨምቅበት መጠን 22 ለ1 ገደማ ስለሆነ በላዩ ላይ አየር በግፊት ሲጨመርበት ቴስታታውም፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ማሸጊያ ጉዋርኒሲዮኑም አይችሉትም።

የጠፋውን ጉልበት ማግኘት የሚቀድም ይመስለኛል። የቫልቭ ክፍተት ተለክቶ ያውቃል? ኢኔቶሪዎቹ ተፈትሸዋል? የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል? የእኔ መኪና ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ መውጣት የጀመረው ኢኔቶሪዎቹ ታድሰው አዲስ የአየር ፊልትሮ ሲገባ ነው። እግረ መንገዴን፣ ፊልትሮን በኮምፕሬሰር ማጽዳት ካስፈለገ በዝቅተኛ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነፋው። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል።

የሞተር ቺንጋን እስኪበጠስ መጠበቅ

የዚህ ሞተር የጊዜ ቺንጋ ጎማ ነው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ መብራት ቢኖርም የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ነው፤ መቁጠሪያው ቆሞ ወይም ተቀይሮ ከሆነ መብራቱ ምንም አይናገርም። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ሻጩ የነገረውን ተወት አድርጎ በገዛበት ሳምንት ይቀይረው፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም በቺንጋው ሽፋን ላይ በቀለም ይጻፈው።

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት

ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። ብሎኬትም መቆሚያ አይደለም፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ድንገት ይፈረካከሳል። የደቻቱ ወንዝ አካባቢ አሸዋማ መሬት ደግሞ ክሪኩን ራሱን ይውጠዋል። ወፍራም ጣውላ ከሥር፣ የብረት መቆሚያ ከሻሲው በታች፣ ድንጋይ ከጎማው ፊትና ኋላ። መቆሚያ ከሌለ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ባሌስትራ ጨምሮ ፍሬኑን መርሳት

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጭነት ለመሸከም ከኋላ ተጨማሪ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ቅጠል) ማስገባት በእኛ አገር የተለመደ ነው። ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክሱ ወደ ሻሲው የምትሄድ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች፤ የምትያያዘው የኋላ ፍሬንን ግፊት ከሚመጥን ቫልቭ ጋር ነው። ጭነት ሲበዛ ሻሲው ወደ አክሱ ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም ለኋላ እግር ብዙ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራ ተጨምሮ መኪናው ከፍ ብሎ ሲቀር ግን ጭነት ሞልቶም ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ለኋላ ፍሬን የሚደርሰው ግፊት ያንሳል፣ ሥራው ሁሉ በፊት እግሮች ላይ ይወድቃል። ከሐረር ተጭኖ በደንገጎ ቁልቁለት ሲወረድ የፊት ፍሬኑ የሚጨሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው መኪናው ከፍ ባለበት መጠን የዘንጓን መያዣ ማስተካከል ነው፤ ይህን ፍሬን የሚያውቅ ባለሙያ ቢያየው ይመረጣል። የፍሬን ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ከተስተካከለ በኋላ ጭነት ጭኖ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ በዝግታ ደጋግሞ መሞከር ነው፤ ቁልቁለቱ የመሞከሪያ ቦታ አይደለም።