«ሳድጋቲ»ን በትኩረት ለማየት

ለዓመታት የለመድነው የህንድ ፊልም በዘፈንና በጭፈራ የደመቀ በመሆኑ፣ ህንዳዊው የፊልም አዘጋጅ ሳትያጂት ሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ለህንድ ቴሌቪዥን የሠራውን «ሳድጋቲ»ን ለማየት የሚቀመጥ ሰው በመጀመሪያ ይህን ልማዱን መተው ይኖርበታል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ስለማይሞላ ስልክዎን አርቀው፣ ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ ይመልከቱት።

አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ዱኪ (ኦም ፑሪ) በቆዳ ሥራ ከሚተዳደሩት የቻማር ወገኖች አንዱ ሲሆን፣ የሞተ እንስሳ የሚነኩ ሰዎች ሌላውን ያረክሳሉ ተብሎ ስለሚታመን የሚኖረው ከሌላው ተለይቶ ነው። ሴት ልጁ የምትታጭበትን መልካም ቀን እንዲያወጣለት ከከፍተኛው የካህናት ወገን ወደሆነው የመንደሩ ብራህሚን፣ ወደ ጋሲራም (ሞሃን አጋሼ) ይሄዳል። ከዚህ አልፎ ሰው በትውልዱ በደረጃ ስለሚከፋፈልበት የካስት ሥርዓት ረጅም ታሪክ አንብቦ መቅረብን አልመክርም፤ ፊልሙ ይህን ሁሉ በሰዎች መካከል ባለው ርቀት ያሳያልና።

ስለዚህ ከንግግሩ ይልቅ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ደጃፉን እንደሚያልፍና ማን ምን እንደሚነካ ይከታተሉ። ዱኪ በቅርቡ ከሕመም የተነሣ ሰው ነው፤ እጅ መንሻ እንዲሆነው ሣር አጭዶ ይመጣል። ጋሲራም ደጁን ያስጠርገዋል፣ ሸክም ያሸክመዋል፣ ቀጥሎም ግዙፍ ግንድ እንዲፈልጥ ያዘዋል፤ እህል የሚያቀምሰው ግን የለም። ለሚያጨሰው ትንባሆ እሳት ሲለምን የብራህሚኑ ሚስት ፍሙን ከሩቅ ትወረውርለታለች። ይህን ትዕይንት በሁለተኛው ዕይታ ላይ ደጋግመው ይዩት፤ የእኔን ልብ የሰበረው የሴትዮዋ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ዱኪ ነገሩን እንደ ተገቢ አድርጎ መቀበሉ ነው። ጋሲራምንም እንደ ተራ የፊልም ክፉ ሰው አይቁጠሩት፤ ዱኪ ግንዱን ሲደበድብ እሱ በልቶ ይተኛል፤ የግፉም ክብደት ያለው በዚህ እርጋታ ውስጥ ነው።

ፊልሙን ለቤተሰብ እየተረጎሙ የሚያሳዩ ከሆነ፣ «ቻማር» የሚለውን ቃል እንዳለ ይተዉት። በአገራችንም ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በሙያቸው ሲናቁ ስለኖሩ፣ «ፋቂ» ብለው ቢተረጉሙት አድማጩ የሚሰማው የሰውየውን ሙያ ሳይሆን የቆየውን ስድብ ይሆናል።

ሥራው የተመሠረተበትን አጭር ልብ ወለድ ህንዳዊው ደራሲ ፕሬምቻንድ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. የ1950ው የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ሰውን በመነካት ያረክሳል ብሎ ማግለልን ከመሻሩ ቀደም ብሎ ነው። ሬይ ግን ታሪኩን ከሕገ መንግሥቱ ከ31 ዓመት በኋላ ሳያለዝበው አቀረበው። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ስትወያዩ ከዚህ ተነሡ፦ የዱኪ ሬሳ ወደ ጉድጓዱ ውኃ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቋል፣ ሚስቱ ጁሪያ (ስሚታ ፓቲል) በዝናብ ውስጥ ታለቅሳለች፣ ብራህሚኖቹን ያስጨነቃቸው ግን ውኃ የሚቀዱበት መንገድ መዘጋቱ ነው። ጋሲራም በመጨረሻ ሬሳውን ሲያነሣ እግሩን በበትር ቀና አድርጎ ገመድ ያስገባበታል፤ እጁ አንድ ጊዜ እንኳ አይነካውም።