በጎልማሳነት ሸክላ ለሚጀምሩ፦ እነዚህን ስህተቶች ይተዉ

ከ40 ዓመታቸው በኋላ ሸክላ መሥራት የሚጀምሩ ሰዎች ደስ ይሉኛል። ቅጠል ሲያዩ ቆም ይላሉ፣ የዛፍ ልጣጭ ይዳብሳሉ። ሥራቸውን ደጋግሞ የሚያበላሽባቸው ግን ችኮላ ነው።

«ዘግይቻለሁ፣ ጊዜ የለኝም» ይሉና ገና ያልደረቀ ሥራ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ ይግባልኝ ብለው ይለምናሉ። እባክዎ፣ አይሆንም! ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ሥራውን ያፈነዳዋል። አንዲት ጀማሪ ታቹ ወፍራም የሆነ የአበባ ማስቀመጫ ሠርታ ነበር። ላዩ ነጥቶ ደርቋል፤ ታቹ ግን ገና ነበር። ምድጃውን ስንከፍት የእሷ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የነበሩት የሰው ሳህኖች ጭምር ተሰባብረው አገኘናቸው። በጣም ነው ያዘንኩት። ከማስገባትዎ በፊት የሥራውን ታች ጉንጭዎ ላይ ያስነኩ። ከቀዘቀዘዎት ውስጡ እርጥበት አለ፣ ይቆይ። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አያዋጣም፤ ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ታቹ ስለማይከተለው ይሰነጠቃል። ላስቲክ ጣል አድርገውበት ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ደግሞስ ማን ነው የዘገየው? አሜሪካዊቷ ቢያትሪስ ውድ የሸክላ ትምህርት የጀመረችው በ40 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። 105 ዓመት ኖራ በሸክላ ሥራዋ ስሟ ገነነ።

ዛጎል ጭቃው ላይ ለጥፈው አያቃጥሉ። ዛጎል ምድጃ ውስጥ ወደ ኖራ ይለወጣል። ከወጣ በኋላ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ዙሪያውንም ይዞት ይሄዳል። ቅርጹን ያትሙና ዛጎሉን ያንሱት። ድንጋይም ምድጃ አይግባ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ቅጠል ግን ተጣብቆ ቢቀር ተቃጥሎ ይጠፋል። ሲያትሙት ጅማቱ የጎላበትን ጀርባውን ወደ ጭቃው ያዙሩት።

አንድ ማሰሮ ላይ ወፍ፣ አበባ፣ ዓሣና ቢራቢሮ አይደርድሩ። ከስልክ ፎቶም አይቅዱ። አንድ የደረቀ ቅጠል እጅዎ ላይ ያድርጉና ይመልከቱት፤ ጠርዙ በአንድ በኩል ብቻ ተጠቅልሏል፣ መሃሉን ነፍሳት በልተውታል፣ ወደ ግንዱ ሲጠጋ ይወፍራል። የፎቶው ቅጠል ዝርግ ነው፤ ከእሱ የሚቀዱትም ዝርግ ሆኖ ይቀራል።

ጭቃ ደርቆ እስኪቃጠል ድረስ ከ10 በመቶ በላይ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ስኒዎን ከሚፈልጉት መጠን ከፍ አድርገው ይሥሩ።

ጭቃ የሚያሹበት ጠረጴዛ አጭር ከሆነ ወገብዎን ይጎዳል፤ ከፍ ያድርጉት።

የደረቀ የጭቃ ብናኝ በመጥረጊያ አይጥረጉ። ውስጡ ያለው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ሳንባ ውስጥ ይቀራል፣ በጊዜ ብዛትም ለከባድ በሽታ ይዳርጋል። ወለሉንም ጠረጴዛውንም በእርጥብ ስፖንጅ ይወልውሉ፤ ሽርጥዎንም ቤት ውስጥ አያራግፉ።