የዓሣ ገንዳ ችግርና መፍትሄ፦ ለጀማሪ አርቢዎች

ዓሣ ሲታመም ጀማሪ ቶሎ የሚያስበው መድኃኒት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የታመመው ውሃው ነው። ውሃውን ያሳመመው ደግሞ ለገንዳው የማይመጥን ዓሣ መግባቱ፣ ወይም የሚመጥነው ዓሣ በችኮላ መግባቱ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያንና ናይትራይትን፣ እንዲሁም የውሃውን ሙቀት ይለኩ። ለዚህ በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ኪትና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ዓሣ በፊት መገዛት አለባቸው። በጤነኛ ገንዳ አሞኒያና ናይትራይት 0 ናቸው። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከ40 ካለፈ ግን የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው።

ምልክት፦ ገንዳው አዲስ ነው፤ ዓሦቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ በአንድ ያልቃሉ

ምክንያቱ በዓይን አይታይም። ኩልል ብሎ የጠራ ውሃ መርዝ ሊሆን ይችላል። ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካሉ በኩል፣ ሌት ተቀን አሞኒያ ያስወጣል፤ ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። በቆየ ገንዳ ውስጥ፣ በተለይ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ ተራብተው ሥራውን እስኪችሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። «ውሃውን ሁለት ቀን አቆይተህ ዓሣ ጨምር» የሚባለው ምክር ብዙ ዓሣ ፈጅቷል። ማቆየቱ የሚያስወጣው በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን እንጂ፣ ባክቴሪያ አያፈራም።

ዓሣ ገና ካልገባ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ገንዳውን ይሙሉ፣ በክሎሪን ማርከሻ ያክሙት፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ያብሩ። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን።
2. ሽቶም ሳሙናም የሌለበት የአሞኒያ ፈሳሽ፣ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ በጥቂት በጥቂቱ እየለኩ ይጨምሩ። ጠርሙሱ ሲናጥ አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ከሆነ ሳሙና አለበትና አይጠቀሙበት።
3. በየሁለት ቀኑ ይለኩ። አሞኒያው ወርዶ ናይትራይቱ ሲወጣ ግማሽ መንገድ ሄደዋል ማለት ነው። አሞኒያው ሲያልቅ መልሰው 2 ያድርሱት።
4. የተጨመረው 2 ሚሊግራም በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አሞኒያም ናይትራይትም 0 ካነበቡ ገንዳው ዝግጁ ነው። አብዛኛውን ውሃ ይቀይሩ፤ በማግሥቱ የመጀመሪያዎቹን ዓሦች ያስገቡ። ከዚያ በላይ ካቆዩት ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት አጥተው ይዳከማሉ።

ዓሣው አስቀድሞ ከገባ ነገሩ አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል። በየቀኑ ይለኩ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት በሊትር 0.5 ሚሊግራም በደረሰ ቁጥር ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውሃ፣ ክሎሪኑ በማርከሻ በጠፋና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ይቀይሩ። ምግብ አንድ ቀን እየዘለሉ ይስጡ። ሁለቱም ቁጥሮች 0 ሆነው ሁለት ሳምንት እስኪቆዩ ሌላ ዓሣ አይጨምሩ። ከጤነኛ ገንዳ የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ ቁራጭ ካገኙ ሳይደርቅ አምጥተው በራስዎ ማጣሪያ ውስጥ ይክተቱት፤ ሳምንታትን ያሳጥራል።

አንድ ስህተት ከዚህ ጋር መነሣት አለበት። ማጣሪያውን ለማጽዳት ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ባክቴሪያዎቹን በክሎሪን መግደል ነው፤ ገንዳው እንደገና አዲስ ይሆናል። ስፖንጁን ከገንዳው በባልዲ በቀዱት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ምልክት፦ ዓሦቹ ከውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይስባሉ

መቼ እንደሚብስ ማየት ምክንያቱን ይጠቁማል። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ከሆነ በሌሊት ኦክስጅን አንሷል፤ ተክሎችም ብርሃን ሲጠፋ እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳሉ። በሞቃት ቀን ከሆነ፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ ላይ ያለው 7.5 ያህል ብቻ መያዙን ያስታውሱ። ለሁለቱም መፍትሄው የማጣሪያውን መውጫ ወደ ውሃው ገጽ አቅርቦ ገጹን ማንቀሳቀስ ወይም የአየር ፓምፕ መጨመር ነው። ውሃ ከተቀየረ በኋላ ወዲያው ከጀመረ ክሎሪን ይጠርጥሩ፤ ማርከሻውን በሙሉው ገንዳ መጠን ያድርጉ። የቧንቧው ውሃ ክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደ ክሎሪን፣ ያለበት ከሆነ ውሃ ማቆየት አይረዳም፤ ማርከሻ የግድ ነው።

ስንጥባቸው ወደ ቡናማ ከተለወጠ ናይትራይት ነው። ናይትራይት ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ስለዚህ ውሃው በኦክስጅን የተሞላ ቢሆንም ዓሣው ይታፈናል። ውሃውን ግማሽ በግማሽ ይቀይሩና በ10 ሊትር 1 ግራም ተራ የምግብ ጨው በባልዲ አሟሙተው ያፍስሱ። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል።

ቤታና ጉራሚ የሚባሉት ዓሦች ግን በተፈጥሯቸው ከውሃ ገጽ አየር የሚወስዱ ናቸው፤ ኮሪዶራስም አልፎ አልፎ ሽቅብ ተወርውሮ አየር ቀምሶ ይመለሳል። በእነርሱ አይደንግጡ።

ምልክት፦ ውሃ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ናይትሬት ግን ከ40 አይወርድም

አንደኛው ምክንያት ምግብ ነው፦ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የማያልቅ ምግብ በዝቷል። ቀንድ አውጣዎች በድንገት መብዛታቸውም ይህንኑ ይናገራል። የቧንቧውን ውሃ ራሱንም ይለኩ፤ አንዳንዱ ናይትሬት ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ካልሆኑ ዓሣው በዝቷል።

«ለአንድ ሊትር አንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ ያሳስታል። ቅርጹ ተመሳሳይ የሆነ ዓሣ ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አምስት ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ዓሦችና አንድ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ዓሣ በስሌቱ እኩል ናቸው፤ ትልቁ ዓሣ ግን የአምስቱን ድምር 25 ጊዜ ያህል ይመዝናል፣ የሚበላውና የሚያቆሽሸውም ከእነርሱ እጅግ ይበልጣል። ስሌቱ ቢሠራ ቢሠራ ካደጉ በኋላም ከ5 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጡ ቀጫጭን ዓሦች ብቻ ነው።

የገንዳውን ልክ ለማወቅ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ። 60 በ30 በ36 የሆነ ገንዳ 65 ሊትር ያህል ነው፤ ጠጠሩ፣ ድንጋዩና ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሲቀነሱ 55 ሊትር ያህል ውሃ ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ገንዳ 8 ኒዮን ቴትራና 6 ትናንሽ ኮሪዶራስ በቂ ናቸው። ባዶ ቢመስልም አይደለም። ከዚህ ካለፈ መፍትሄው የተረፈውን ዓሣ ለሌላ አርቢ መስጠት ነው። ትልቅ ማጣሪያ አሞኒያን ቶሎ ይለውጣል እንጂ ናይትሬትን አያስወጣም።

ምልክት፦ ዓሣው ገንዳውን አህሏል

ሲገዛ 4 ሴንቲ ሜትር የነበረ ዓሣ ገና ጫጩት ነበር። ተራው ጎልድፊሽ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ «አልጌ ይበላል» ተብሎ የሚሸጠው ተራ ፕሌኮ 40፣ ኦስካርና ባላ ሻርክ 30 ያህል። ቀይ ጅራቱ ካትፊሽ ከአንድ ሜትር ያልፋል። «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ የሚሆነው ቆሻሻ ውሃና ጥበት ዓሣውን ማቀጨጭና ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ሻጩን የሚጠይቁት ዋናው ጥያቄ «ሲያድግ ስንት ይሆናል?» ነው። አልጌ የሚበላ ዓሣ ከፈለጉ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማያልፈውን ብሪስልኖዝ ፕሌኮ ይምረጡ።

ምልክት፦ ክንፍ ይቆራረጣል፣ አንዱ ዓሣ ሌላውን ያሳድዳል፣ ወይም ትንንሾቹ ይጠፋሉ

ታይገር ባርብ ሁለት ሦስት ብቻ ሆኖ ከገባ የሌሎችን ክንፍ ይነጫል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጫወታል። ያም ሆኖ ክንፈ ረጅም ከሆኑ ዓሦች ጋር አያኑሩት። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ ገንዳ እስከ ሞት ይጣላሉ። ኤንጀልፊሽ ልጅ ሳለ ከኒዮን ጋር ተስማምቶ ይኖራል፣ ሲያድግ ይበላዋል፤ ዓሣ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይበላልና። እነዚህን ማለማመድ አይቻልም፣ መለየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ተቃራኒውም ምልክት አለ፦ ኒዮኑ ቀለሙ ፈዝዞ ጥግ ይዟል። ውሃው ደህና ከሆነ ብቸኝነት ነው። ኒዮንና ኮሪዶራስ የመንጋ ዓሦች ናቸው፤ ከየዓይነቱ ቢያንስ 6 ያስፈልጋል። «ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት» የተባለ ገንዳ ውስጥ ሁሉም ይፈራሉ።

ምልክት፦ አዲስ ዓሣ ከገባ በኋላ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ

ይህ ኢክ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ መድኃኒት በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ነጥቡ ቆዳ ሥር ስላለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ከተባዛ በኋላ በውሃው ውስጥ ሲዋኝ ነው። ነጥቡ ጠፋ ብለው ሕክምናውን ካቋረጡ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። በመመሪያው መሠረት ሙሉውን ገንዳ ያክሙ፣ በማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ መድኃኒቱን ስለሚመጥ ያውጡት፣ የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋም በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቀጥሉ። ዓሦቹ የሞቃት ውሃ ዓይነት ከሆኑ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 28 ዲግሪ ማድረስ የተሕዋሱን ዑደት ያፋጥናል፤ የአየር ፓምፑን አይርሱ።

መከላከያው የለይቶ ማቆያ ገንዳ ነው፦ 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከዋናው ገንዳ የተወሰደ ስፖንጅ፣ ማሞቂያና ክዳን። አዲስ ዓሣ እዚያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆይ። ከሱቅ ሲመጣ ፌስታሉን 15 ደቂቃ ያንሳፉ፣ ከዚያ በየ5 ደቂቃው ግማሽ ኩባያ የገንዳ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት፤ ዓሣውን በመረብ ያውጡ፣ የፌስታሉን ውሃ ይድፉ። ዓሣው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ የተጓዘ ከሆነ ግን ሙቀቱን ብቻ አመሳስለው ቶሎ ያውጡት። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚወጣ የውሃው ፒኤች ይጨምራል፣ ማለትም አሲድነቱ ይቀንሳል፤ የተጠራቀመው አሞኒያም መርዝነቱ ይብሳል።

ምልክት፦ ጉፒዎቹ ገንዳውን ሞሉት

ሴቷ በየአራት ሳምንቱ ያህል ትወልዳለች፤ የወንዱን ዘር ለወራት ማቆየት ስለምትችል ሴቶችን ብቻ መግዛት አያድንም። ወንዶችን ብቻ ያኑሩ።

ምልክት፦ ዓሣውን ማኖር አልተቻለም

ለሻጩ ወይም ሰፋ ያለ ገንዳ ላለው አርቢ ይስጡ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ በፍጹም አይልቀቁ፤ ጎልድፊሽ፣ ፕሌኮና ጉፒ ተለቀው በብዙ አገር ውሃዎች ውስጥ ተራብተዋል፣ የአገሬውንም ዓሣ ጎድተዋል። ጥንቃቄው ለተክልና ለቀንድ አውጣም ነው። የተከረከመውን ተክል ፀሐይ ላይ አድርቀው ይጣሉ፤ የገንዳውን ውሃ ወደ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ሳይሆን በአፈር ላይ፣ አትክልት ሥር ያፍስሱት።