ከጅሬን ቁልቁለት በፊት፦ የአሮጌ ቮልስ ፍሬንና እግር

ነገሩ የጀመረው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ጅማ ከተማ ስወርድ ነው። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ግማሽ ድረስ ምንም የለም። ደግሜ ስረግጥ ያዘ። አጠገቤ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተክሎ "አንተ፣ ይቺ ነገር ትቆማለች?" አለኝ። ቆመች። የዚያን ዕለት ማታ ግን አዲስ አበባ እየደወልኩ የዲስክ ፍሬን ዋጋ ስጠይቅ አመሸሁ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። "ጋሼ፣ ዲስክ ላስገባላት ነው" አልኳቸው። ሳቁብኝ። ክሪክና አንድ ካቻቪቴ ይዘው ጎማው ሥር ቁጭ አሉ። ሲጨርሱ ፔዳሉ ከላይ ይይዝ ነበር። የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

የኔዋ የ1966 ሞዴል ናት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አራቱም ጎማ ታምቡር ነው፦ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት፣ ውስጡ ያሉት ሸራዎች ሲገፉት የሚቆም። "ቮልስ ደግሞ ምን ስፖርት መኪና ናት" የሚል ካለ፣ በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 እግሯን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚያያይዛትንና የሚሸከማትን ክፍል፣ የተበደረችው ከቮልስ ነው።

ፔዳሉ ይወርዳል፣ ሁለቴ ሲረገጥ ይይዛል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሸራው ከታምቡሩ መራቁ ነው። ይቺ መኪና በራሱ የሚስተካከል ፍሬን የላትም። ሸራው በተበላ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ፔዳሉም ያንን ክፍተት ለመሙላት ሲል ይወርዳል።

ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ካቫሌቶ (መደገፊያ ብረት) አስገቡ፣ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ታኮ አድርጉ። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ጥርስ ያላቸው 2 ማስተካከያዎች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ። ቀዳዳው እንደ ሞዴሉ ታምቡሩ ፊት ላይ ወይም ከኋላው ባለው ሳህን ላይ ነው። ጎማው አልዞር እስኪል ጥርሱን በካቻቪቴ እየገፋችሁ አጥብቁ። ፔዳሉን አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ፣ ሸራው ቦታ ይይዛል። ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞር 3 ወይም 4 ጥርስ መልሱ። ትንሽ የመነካካት ድምፅ ቢቀር ችግር የለውም። ሁለቱ ማስተካከያዎች የሚጠብቁት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አጠበቅሁ ብሎ ሲያላላ የሚውል ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

የእጅ ፍሬን ገመድ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ገመዱን አስቀድሞ መወጠር ችግሩን መደበቅ ነው።

ፔዳሉ እንደ ፍራሽ ይሰምጣል

አየር ገብቷል። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ዋና ፖምፓ በሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ አስወጡት፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንዱ ከጎማው ጀርባ ያለውን የፍሬን አየር ማስወጫ ብሎን ይከፍታል። ረጋጩ እግሩን የሚያነሳው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። በመሃል የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ ሥራው "ሀ" ብሎ ይጀመራል።

ከቀናት በኋላ ተመልሶ ከሰመጠ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው። የጎማዎቹን የውስጥ ጎንና የፖምፓውን ሥር በጨርቅ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አርጅቷል።

"የፍሬን ዘይት" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። እንደ ሞተር ዘይት ያለ ዘይት አይደለም። አንድ ጋራዥ ውስጥ በጎደለው ላይ የሞተር ዘይት ጨምረውልኝ ጎሚኒዎቹ በሙሉ አብጠው ተበላሹ። ሁሉንም ቀየርኩ። ሌላው ጠባዩ ከአየር ላይ እርጥበት መጠጣቱ ነው። ዝናብ በማያጣው ጅማ ይሄ ቀልድ አይደለም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። በየ2 ዓመቱ መቀየር አለበት። እኔ የምቀይረው ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ይልጣል።

ቁልቁለት ላይ ይከዳል

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ የፍሬን ፈተና ነው። እዚያ የሚከዳ ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው። መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው፦ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ የምትረግጡት ነገር አለ፣ መኪናዋ ግን መሄዷን አትተውም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል። ዳር ይዛችሁ ቁሙና በራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ታምቡር ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤት ስትገቡ ክፈቱት። ሸራው እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ቀይሩት።

ሁለተኛው ይብሳል። ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ውሃ የጠጣው ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፤ የምትረግጡት እንፋሎቱን ነው። ተንኮሉ ያለው ሲቀዝቅዝ ነው። ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመለሳል። "ተሻላት" ብሎ የቀጠለ ሰው ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀየር ረጅም ቁልቁለት የለም።

ለሁለቱም የሚሠራው ማርሽ ነው። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው መኪና ውስጥ እኔ አልሳፈርም።

ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ ቀጥሎ የሸራ ማስተካከያ። ዝናብ ላይ ከሆነ ደግሞ ታምቡሩ ውሃ ገብቶበት ይሆናል። አዌቱ ሞልቶ መንገድ ላይ በወጣ ቀን ውሃውን ካለፋችሁ በኋላ፣ ቀስ እያላችሁ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት። ሙቀቱ ያደርቀዋል።

ደርቆም ከጎተተች ታምቡሩን ክፈቱ። ሸራው ላይ ፈሳሽ ካለ ከየት እንደመጣ ለዩ። ቀጭን ከሆነ የጎማው ፖምፓ ያፈሰሰው የፍሬን ዘይት ነው። የኋላ ጎማ ላይ ወፈር ያለና የሚከረፋ ከሆነ የማርሽ ዘይት ነው፣ የአክሱሉ ጎሚኒ አልቋል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ።

ፔዳሉን ከለቀቃችሁ በኋላ አንዱ ጎማ ተይዞ ቀርቶ የሚግል ከሆነ ተጣጣፊውን ቱቦ ጠርጥሩ። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ያሳልፍና አልመልስም ይላል።

የኋላው ታምቡር የሚከፈተው በ36 ቁልፍ ነው። ሲታሰር ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። በቀላሉ፦ ቁልፉ ላይ የ1 ሜትር ቱቦ አስገቡና ጫፉ ላይ የ30 ኪሎ ያህል ክብደት ጫኑ። የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ አታላሉ። የላላ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ ይበላል።

ፊቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ትነጥራለች

የፊት እግሯ ባሌስትራም ሞላም የለውም። በሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ የተደረደሩ የብረት ቅጠሎች እየተጠመዘዙ ነው የሚሸከሟት። ቱቦዎቹ ላይ 4 የግሪስ መስጫዎች አሉ። ፊቷን አንስታችሁ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ግሪስ ስጧት፣ ጢጥ ማለቷን ታቆማለች። የጅማ ቀይ ጭቃ ስለማይምር እኔ ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ እሰጣታለሁ።

መከላከያዋን ተጭናችሁ ስትለቁት ከአንዴ በላይ ከነጠረች ንጥረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር ሞቷል። መሪው ፍጥነት ላይ የሚርገፈገፍ ከሆነ ግን ሰው ሁሉ ወደ ባላንስ ይሮጣል። ጎማውን አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ጨዋታ ካለው ኩሽኔታው ወይም የእግሩ መገጣጠሚያ ነው። ካልነቀነቀ፣ ከዚያ ባላንስ፣ ከዚያ የመሪው አሞርዛተር።

ኋላዋ ኩርባ ላይ ይሸሻል

ይሄ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የዚህ ሞዴል የኋላ አክሱል ሲወዛወዝ የጎማው ዘንበል ማለት ይቀያየራል። ኩርባ መሃል ነዳጅ በድንገት ስትለቁ ወይም ፍሬን ስትይዙ ኋላዋ ከፍ ይልና ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፍሬን መያዝ ያለበት ከኩርባው በፊት ነው። ንፋሱም እኩል አይሁን፦ ፊት ከ16 እስከ 18፣ ኋላ ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ። ጎሚስታው እንደለመደው ለአራቱም 30 ከሞላላችሁ አስተንፍሱት።

ኮብሉና ኮረኮንቹ ሆዷን እንዳይመታው ብለው ኋላዋን የሚያስነሱ አሉ። አልስማማም። ከፍ ባለች ቁጥር ይህ ጠባይ ይብስባታል። ከፋብሪካው እንኳ በ1967 ሞዴል ኋላዋ ላይ ማመጣጠኛ ዘንግ የተጨመረላት ይህን ለማስታገስ ነው። ያንን ዘንግ ካገኛችሁ ከማስነሳት ይሻላል። እየተጠመዘዘ ኋላዋን የሚሸከመውን ዘንግ ደግሞ ቤት ውስጥ አትፍቱ። ውጥረቱ አጥንት ይሰብራል።

ማሻሻል ከተፈለገ

መጀመሪያ ዲስክ ሳይሆን ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ። በኔዋ ላይ የነበረው አንድ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ለአሜሪካ ገበያ በ1967 ሞዴል የወጡት ባለ ሁለት መስመር ናቸው። ስትገጥሙ በፔዳሉ ዘንግና በፖምፓው መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ካልተዋችሁ ዘይቱ መመለሻ ያጣና ፍሬኑ እየተያዘ ይሄዳል።

ዲስኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በ1967 ሞዴል የቮልስዋ ዘመድ ካርማን ጊያ የፊት ዲስክ ነበራት፤ ብዙ ሰው የሚያስገባው የእሷን ዓይነት ነው። ዲስክ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ለጅማ ዝናብ ደግ ነው። ስትገዙ የብሎኑን ብዛት አስቀድማችሁ ቁጠሩ፣ ባለ 5 እና ባለ 4 ቸርኬ አይገጥምም። የታምቡር ፖምፓ መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ያ ከዲስክ ጋር ሲገናኝ ዲስኩን የሚቆነጥጠው ፓድ አልለቅ ይላል። ስለዚህ ለዲስክ የተሠራ ፖምፓ ያስፈልጋል።

እኔም በመጨረሻ ገጠምኩ። ለጋሼ ላሳያቸው ወሰድኳት። ጎንበስ ብለው ዲስኩን አዩና "ቆንጆ ነው፤ አንተ ልጅ፣ የኋላውን ሸራ መቼ ነው ያስተካከልከው?" አሉኝ። መልስ ስላጣሁ ክሪኩን አወረድኩ።