ባለ ሁለት እግር ተራማጅ ማሽን ሞዴል ከባዶ እንዴት እንደሚሠራ

የሳይንስ ልብ ወለድ ተራማጅ ማሽን በሞዴል መልክ መሥራት የሚፈልግ የሐዋሳ ነዋሪ ካተርና ሙጫ ከመግዛቱ በፊት አንድ ማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ አባ ኮዳዎችን ቢመለከት ይሻለዋል። እነዚህ ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም ሲመላለሱ፣ ከባድ አካል በቀጭን እግር ላይ እንዴት እንደሚቆም ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ግልጽ አድርገው ያሳያሉ። ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን መገጣጠሚያ በእውነቱ ቁርጭምጭሚት ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ከላይ፣ በላባ ተሸፍኖ፣ ወደ ፊት ይታጠፋል። ይህን ያላስተዋለ ሠሪ ጭኑን ይዘለውና እግሩን ባለ ሁለት ክፍል ብቻ ያደርገዋል፤ ማሽኑም የቱንም ያህል ቢያጌጥ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል።

ቀጥሎ መጠኑ ይወሰናል። እኔ የምመክረው 1 ለ 35 ነው። በዚህ መጠን 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው 50 ሚሊሜትር፣ 7 ሜትር ቁመት ያለው ማሽን ደግሞ 200 ሚሊሜትር ይሆናል። የ2 ሜትር በር 57 ሚሊሜትር፣ 30 ሳንቲሜትር የሚራራቁ የመሰላል እርከኖች ደግሞ ከ8 እስከ 9 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ተመልካች የማሽኑን ግዝፈት የሚገምተው ሰው በሚረግጣቸውና በሚጨብጣቸው በእነዚህ ነገሮች ስለሆነ፣ መሰላሉ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ አሻንጉሊት ይመስላል።

እግሩ ከጎን ሲሣል ሦስት ክፍሎች ይኖሩታል። ለ200 ሚሊሜትር ሞዴል የምጠቀምበት ልኬት እንዲህ ነው፦ ጭኑ 40 ሚሊሜትር ሆኖ ከቱንቢው መስመር 50 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ቅልጥሙ 60 ሚሊሜትር ሆኖ 40 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የታችኛው ክፍል 55 ሚሊሜትር ሆኖ 8 ዲግሪ ያህል እንደገና ወደ ፊት ይወጣል። ይህ ከዳሌው እስከ መርገጫው 126 ሚሊሜትር ያህል ቁመት ይሰጣል፤ እግሩ ወደ ፊት የሄደውን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስም መርገጫው ልክ ከዳሌው ሥር ያርፋል። ልኬቱን እንደ ምርጫዎ መለወጥ ይችላሉ፤ ከዳሌው የሚወርደው ቱንቢ ግን መርገጫው መሐል ላይ ማረፍ አለበት። አንዱ እግር የተነሣበት አቋም ከተፈለገ መላው አካል በቆመው እግር በኩል እንዲያጋድል ይደረጋል፤ አባ ኮዳም ሲራመድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ በካርቶን ተቆርጦ በፕላስተር ይያያዝና በዓይን ይመዘናል።

ወደ ማቴሪያሉ ስንመጣ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን የፖሊስታይሪን ሉህ እዚህ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች የሚጠቀሙበት 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነጭ የፒቪሲ ሰሌዳ ለአካሉ በቂ ነው፤ ቁርጥራጩንም ጠይቆ መውሰድ ይቻላል። ለቀጭኑ ሽፋን ሲም ካርዱ የተነቀለበት ፕላስቲክ ካርድ ወይም ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይሆናል፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚህ መጠን 27 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ይወክላል። ከቆራሌው የሚገኝ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ፕሪንተርና የልጆች መኪና ደግሞ ለዝርዝሩ የሚሆን ሀብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያ ሞዴሌን ትከሻ የሠራሁት ከሃይላንድ ክዳኖች ነበር፤ ቀለም ከተቀባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክዳኖቹ አንድ በአንድ ተላቅቀው ወደቁ። ምክንያቱ የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። በፕላስቲክ ዕቃዎች ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ከሚጻፉት ቁጥሮች 2 እና 5 ያለባቸውን ሱፐር ግሉ አጥብቆ አይዛቸውም፤ የውሃ ክዳንና የሲሪንጅ አካል አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ወገን ናቸው። 3 ማለትም ፒቪሲ፣ 6 ማለትም ፖሊስታይሪን ግን በደንብ ይያያዛሉ። የሲሪንጁን ቅርጽ የግድ ከፈለጉት በቀጭን መሰርሰሪያ በስተው በሽቦ ይስፉት እንጂ ሙጫውን ብቻ አይመኑ።

ግንባታው ከአጽሙ ይጀምራል። ባለ 3 ሚሊሜትር ብረት ሽቦ በፒንሳ እየታጠፈ የእግሩን ሥዕል እንዲከተል ይደረጋል፤ ከታች ደግሞ ከመርገጫው ሥር 20 ሚሊሜትር ትርፍ ይተውለታል። በሽቦው ግራና ቀኝ የእግሩን ቅርጽ ይዘው የተቆረጡ የፒቪሲ ሳህኖች ይለጠፋሉ። ሰሌዳውን በአንድ ጉልበት ለመቁረጥ መሞከር ጠርዙን ያጎደፍራል፤ በብረት ማስመሪያ ተደግፎ አራት አምስት ጊዜ በቀላሉ መመላለስ ንጹሕ መስመር ይሰጣል። ሲለጥፉ መስኮት ይክፈቱ፤ ሲሞርዱም አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። አካሉ በበኩሉ ስድስት ገጽ ያለው ሣጥን ነው፤ በውስጡ መሐል ለመሐል የሚገባ አንድ ግድግዳ እንዳይጣመም ይጠብቀዋል። ክብደት ለመጨመር ብሎንና ዳዶ የሚደበቀው መርገጫው ውስጥ እንጂ አካሉ ውስጥ አይደለም።

ዝርዝሩ ላይ ስንደርስ ጥሩ ሞዴል ከመካከለኛው ይለያል። ጀማሪ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ያገኘውን ይለጥፍበታል። እኔ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ከመለጠፌ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ጉልበቱን የሚያንቀሳቅስ የዘይት ፒስተን አንዱ ጫፉ ጭኑ ላይ፣ ሌላው ቅልጥሙ ላይ መታሰር አለበት፤ ሁለቱም ጫፍ ጭኑ ላይ ከሆነ ምንም አያንቀሳቅስም፣ ሜካኒክ የሆነ ተመልካችም ወዲያው ያውቀዋል። ለፒስተኑ ከአሮጌ ሬዲዮ አንቴና የተሻለ አላገኘሁም፤ አንዱ ከሌላው ውስጥ የሚወጣውና የሚያብረቀርቀው ቱቦው በእርግጥ የሚሠራ ያስመስለዋል። ወደ ፒስተኑ ዘይት የሚወስደው ቱቦ ከወፍራም የጊታር ክር ይቆረጣል፤ መገጣጠሚያው ሲታጠፍ እንዳይበጠስ ታስቦም ትንሽ ረገብ ተደርጎ ይታሰራል። የመገጣጠሚያዎቹ ክዳኖች ከሮንዴላ፣ የጭስ መውጫዎቹ ከእስክሪብቶ ቀፎ ይሠራሉ። የብሎን ራሶች በስቴኪኒ ጫፍ የተነጠቡ የእንጨት ኮላ ጠብታዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚደረደሩትም ሁለት ሳህኖች በሚገናኙበት ጠርዝ እንጂ በሜዳው መሐል አይደለም።

ክፍተቶቹ በስቱኮ ተሞልተው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፤ ከዚያ ግራጫ የመነሻ ቀለም ከ25 ሳንቲሜትር ርቀት በስሱ ይነፋል። ግራጫው ያልታየውን ስንጥቅ ሁሉ ስለሚያጋልጥ ወደ ስቱኮው ተመልሶ መሄድ የተለመደ ነው። ስፕሬዩን ጠዋት ቢነፉት ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እርጥቡ ቀለም አቧራ ይይዛል።

ዋናው ቀለም ከደረቀ በኋላ በውሃ የቀጠነና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ በመስመሮቹ ውስጥ እንዲፈስ ይደረጋል። የተላላጠ ቀለም የሚመስለው ነጥብ ደግሞ በትንሽ ስፖንጅ ሰው በሚረግጥበት፣ በር በሚከፈትበትና እግር ድንጋይ በሚነካበት ቦታ ብቻ ይነካካል። የአባ ኮዳ እግር ነጭ የሚመስለው በራሱ ኩስ ስለሚሸፈን ነው፤ ፈሳሹ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። በማሽኑም ላይ እድፍ ምንጭ ሊኖረውና ከምንጩ ወደ ታች ሊወርድ ይገባል፦ ዘይት ከፒስተኑ ጫፍ፣ ዝገት ከብሎኑ ሥር፣ ጥቀርሻ ከጭስ መውጫው።

መቆሚያው ጣውላ ሆኖ ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስ ይለጠፍበታል፤ ቀላል ነው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹም በዚህ መጠን የትልቅ ቋጥኝ ገጽ ይመስላሉ። በመካከሉ የተነፋ አፈር በውሃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ላይ ይበተናል፤ ከዚሁ አፈር ጥቂቱ በመርገጫዎቹና በታችኛው የእግር ክፍል ላይ በደረቅ ብሩሽ ይቀባል። በመጨረሻም ከመርገጫዎቹ ሥር የተረፉት ሽቦዎች ጣውላው ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች ገብተው ከታች ይታጠፋሉ።