ሌንሱ በሚቀየር ካሜራ የቤት ቪዲዮ ሲቀርጹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሜራ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፎር ኬ (ከፉል ኤችዲ የበለጠ ዝርዝር የሚያሳየውን የቪዲዮ መጠን) ይቀርጻል ወይ?» ብሎ ነው። በእኔ ግምት የአብዛኛው ጀማሪ ገንዘብ መባከን የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው፤ ያለው በጀት በሙሉ በቦዲው፣ ማለትም ሌንስ በሌለው የካሜራው አካል፣ ላይ ያልቅና ለሌንስ፣ ለማይክ፣ ለሚሞሪና ለተጨማሪ ባትሪ የሚሆን ሳይተርፍ ይቀራል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ፣ ስህተቱ ከበፊቱ የበለጠ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ካኖን ኤም50ን እንውሰድ። ፎር ኬ መቅረጹ እውነት ነው፤ ነገር ግን በፎር ኬ ሲቀርጽ የምስሉን ጠርዝ በብዛት ይቆርጣል፣ ዱዋል ፒክስል የተባለው ፈጣን አውቶ ፎከሱም አብሮ ይጠፋል። ያው ካሜራ ወደ ፉል ኤችዲ ሲመለስ ሁለቱም ችግሮች ይወገዳሉ። የልጁን ልደት በስልክና በሳሎን ቴሌቪዥን ለሚያይ ቤተሰብ በደንብ የተቀረጸ ፉል ኤችዲ ከበቂ በላይ ነው።

ከፎር ኬ በፊት መታየት ያለበት በካሜራው ጎን ያለው ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሶኒ ኤ6000፣ ኒኮን ዲ3500 እና ካኖን 2000ዲ በምስላቸው የማይታሙ፣ ያገለገሉ ሲሆኑም ዋጋቸው የሚቀመስ ካሜራዎች ናቸው፤ ሦስቱም ግን የውጭ ማይክ መሰኪያ የላቸውም። በካሜራው የራሱ ማይክ ከሦስት ሜትር ርቀት የተቀዳ ድምፅ የሽማግሌውን ምርቃት ከሳህን ኳኳታ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ሰው ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ካሜራው ድምፁን በራሱ ከፍ ስለሚያደርገው ጸጥታው በ«ሽሽሽ» ይሞላል። እኔ ራሴ ካዛንቺስ የተደረገ የዘመድ ቅልቅል በዚህ ዓይነት ካሜራ ቀርጬ ነበር። ምስሉ ዛሬም ያምራል፤ የአያቴ ምርቃት ግን አንድም ቃሉ አይለይም። እንዲህ ያለውን ካሜራ አስቀድሞ የገዛ ሰው መጣል አያስፈልገውም፤ ስልኩን በድምፅ መቅጃ ላይ አድርጎ በተናጋሪው የደረት ኪስ ውስጥ ያስቀምጥ፣ ካሜራውና ስልኩ መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ ጮክ አድርጎ ያጨብጭብ። በኋላ ኤዲት ሲደረግ የጭብጨባው ድምፅ ሁለቱን ለማገጣጠም ይበቃል።

በሌንስ በኩል ደግሞ ሁሉም ሰው ለሁሉም የሚሰጠው ምክር «50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ግዛ» የሚል ነው፤ ሚሊ ሜትሩ ሲጨምር የሚታየው ቦታ ይጠብባል፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ መክፈቻ ይሰፋል። ሌንሱ ርካሽና ጥሩ መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን በርካሾቹ የካኖን ቦዲዎች ላይ ያለው ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ ስለሆነ 50ው በ1.6 ተባዝቶ የሚያሳየው ስፋት እንደ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጠብባል፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀርባዎን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጣብቀው እንኳ ቡና የምታፈላውንና ረከቦቱን በአንድ ላይ ማስገባት አይችሉም። በኤፍ 1.8 ሲከፈት ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በጣም ስለሚያንስ ጉርሻ የሚያጎርስ ሰው ጎንበስ ሲል ፊቱ ይደበዝዛል፤ የዕጣኑ ጭስ በመካከል ሲያልፍም አውቶ ፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ብዙ ሰው የሚንቀው ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ፣ በተለይ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ከሆነ፣ ለቤት ቪዲዮ የተሻለ መነሻ ነው። ሁለተኛ ሌንስ መግዛት ሲያምርዎ በካኖን በኩል 24 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 2.8 ይበቃዎታል። በነገራችን ላይ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ድሮ ከሶቪየት ኅብረት ያመጣው ዜኒት ካሜራ በሣጥን ውስጥ ካለ፣ ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱ በርካሽ አዳፕተር ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ላይ ይሠራል፤ ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው። በኒኮን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ላይ ግን ተጨማሪ የሌንስ ብርጭቆ ከሌለው አዳፕተር ጋር ሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ አያሳይም።

በአዲስ አበባ በብዛት የማየው ስህተት ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ከመጣ ካሜራ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 60 ነው። የሳሎኑ አምፖል ወይም የአዳራሹ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። ከአሜሪካ የመጣው ካሜራ በኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ አገር በሚሆነው የቪዲዮ ሥርዓት) ተቀምጦ በሰከንድ በ30 ፍሬም (ምስል) እና በ1/60 ሸተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ለ1/60 ሰከንድ ብርሃን እየተቀበለ፣ ሲቀርጽ ፍሬሙ ከብርሃኑ ምት ጋር ስለማይገጥም ምስሉ ይብለጨለጫል፣ አንዳንዴም ጥቁር ሸንተረር በግድግዳው ላይ ይንሸራተታል። ሰዎች ይህን አይተው «ካሜራው ተበላሽቷል» ብለው ለጠጋኝ ይወስዱታል። መፍትሔው በሜኑ ውስጥ ያለ ነው፦ ለ50 ኸርዝ ወደሚሆነው ፓል ለውጠው በ25 ፍሬም፣ በ1/50 ሸተር ይቅረጹ። አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ይህ ሲለወጥ ሚሞሪውን ፎርማት ማድረግ ስለሚጠይቁ ያለውን ቪዲዮ አስቀድሞ መገልበጥ ይገባል። ፓል የሌለው ካሜራ ከሆነም ፍሬሙን በ30 ትተው ሸተሩን ብቻ ወደ 1/50 ወይም 1/100 ማምጣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ጥራት የሌላቸው አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን በዚህም አይስተካከሉምና እነሱን አጥፍቶ መስኮት መክፈት ነው።

ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ለካሜራው መተውም በእኛ አለባበስ የከፋ ውጤት አለው። ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ክፍሉን ሲሞሉት ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል፤ ጥቁር ሱፍ የለበሰ እንግዳ ሲገባ ደግሞ በድንገት ሁሉም ይነጣል። ስለዚህ ወደ ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ለውጦ ብርሃኑን ለሰው ፊት በሚስማማ ልክ ማስተካከልና ካሜራው ዚብራ የሚባለው፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሸንተረር የሚያሳየው ምልክት ካለው ሸንተረሩ ነጠላው ላይ በጥቂቱ ብቻ እስኪታይ ድረስ መቀነስ ያስፈልጋል። ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) በነጭ ወረቀት ያስተካክሉ፤ በነጠላ አይደለም፣ በአንዳንድ ሳሙና የታጠበ ነጭ ወደ ሰማያዊነት ያደላልና።

ከቤት ውጭ ችግሩ ይገለበጣል። በቀትር ፀሐይ መስቀል አደባባይ ላይ በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበት የኃይል መጠን) 100 ትክክለኛው ብርሃን በግምት ኤፍ 16 እና 1/100 ነው፤ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ሸተሩን 1/50 ላይ ለማቆየት አፐርቸሩን (የሌንሱን መክፈቻ) እስከ ኤፍ 22 መዝጋት ይጠይቃል፤ በዚያ ደረጃ ምስሉ ጥራቱን ያጣል። ብዙዎች ሸተሩን ወደ 1/1000 ይወስዱትና የሚጨፍሩት ሰዎች የሚቆራረጡ ይመስላሉ። ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር ለዚህ የተሠራ ነው።

ሚሞሪ ላይ መቆጠብም አያዋጣም። ፎር ኬ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ሲቀረጽ በሰከንድ 12.5 ሜጋ ባይት ይጻፋል፤ ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋ ባይት መጻፍ ይችላል፣ ባለ 64 ጊጋውም ወደ 85 ደቂቃ ይይዛል። ብዙ የቆዩ ካሜራዎች በ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በራሳቸው ያቆማሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ በአውሮፓ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ የተለየ ቀረጥ ይጠየቅበት ስለነበር የተደረገ ነው። ንግግሩ ሳይጀመር ቀረጻውን አቋርጦ እንደገና ማስጀመር ይሻላል።

ያገለገለ ካሜራ በፒያሳም ሆነ በመርካቶ ሲገዙ በፎቶ ብቻ ሞክሮ መክፈል የመጨረሻው ስህተት ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ፦ መጋሉን፣ ባትሪው ምን ያህል እንደወረደና የማይኩ መሰኪያ መሥራቱን በዚያው ያያሉ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ሜኑውንም ከፍተው ይመልከቱ። በኤፍ 16 ነጭ ወረቀት አንሥተው ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ሴንሰሩ አቧራ አለበት፤ እሱ ይጸዳል፣ ለዋጋ መከራከሪያም ይሆናል።