አላስካ ለአደን ከሄዳችሁ ትርፍ ቀን ያዙ

አላስካ ውስጥ ከአደን መሪ ጋር ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን ካሰባችሁ፣ የመመለሻ ትኬታችሁን አታጣብቡት። ወደ ካምፑ ብዙ ጊዜ የሚወስዳችሁ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ጉም ከወረደ አይነሳም፤ አብራሪውን አትጨቅጭቁት። በዚያ ላይ በትንሽ አውሮፕላን በገባችሁበት ቀን ሙስ ማደን በሕግ ክልክል ነው። የሚፈቀደው በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሻንጣችሁ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ስጋውን አስቡበት። ከአንድ ትልቅ ወንድ ሙስ ከ200 ኪሎ በላይ ስጋ ይወጣል። የሚበላውን ጫካ ጥሎ መምጣት ያስቀጣል፤ ነውርም ነው። ስጋው በስንት በረራ እንደሚወጣና ሂሳቡን ማን እንደሚችል ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።